ከመርጫው በፊት ቢላዋ፦ ስለሚቃጠለው የሙዝ ቅጠል

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «አባቴ አርባ ምንጭ አጠገብ፣ ላንቴ አካባቢ፣ ግማሽ ሄክታር ሙዝ አላቸው። ካለፈው በልግ ጀምሮ ቅጠሉ መጀመሪያ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ከዚያ ከጠርዙ እየደረቀ ተቃጥሎ ይንጠለጠላል። ዘለላው ቀሏል። ነጋዴውም መንገድ ላይ ቢጫ እየሆነ አከሰረኝ ብሎ ዋጋ ቀነሰብን። ከመድኃኒት ሻጭ ሁለት ዓይነት ገዝተን ረጨን፣ ለውጥ የለም። የትኛውን መድኃኒት እንግዛ?»

ወንድሜ፣ መልሱን ከኋላ ልጀምርልህ፦ ለጊዜው ምንም አትግዙ። ያ ገንዘብ ለሁለት የቀን ሠራተኛና ለጥሩ ቢላዋ ይዋል። ለምን እንደዚህ እንደምል ዘርዘር አድርጌ እጽፍልሃለሁ። ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ በልግ ሲያልቅ ይመጣል፣ እኔም በሁለት መስመር እየመለስኩ ብዙ ሰው መርጫ አሸክሜያለሁ።

የገለጽከው ነገር ሲጋቶካ ይመስላል። ፈንገስ ነው። ስሙ ፊጂ ውስጥ ካለ ሸለቆ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የዚያን ሸለቆ ሙዝ ስለፈጀ ስሙን ይዞ ቀረ። ሁለት የታወቁ ወንድማማቾች አሉ፣ ቢጫውና ጥቁሩ። ጥቁሩ እዚያው ፊጂ በ1963 ታየ፤ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ በ1973 ዛምቢያ ላይ ተመዘገበ። ጥቁሩ ይከፋል፣ ፈጥኖ ይዛመታል፣ ገና ወጣት ቅጠል ላይ ይወጣል። መከላከያቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ በስማቸው ብዙ አንጨነቅ።

መጀመሪያ በዓይንህ አረጋግጥ። ፀሐይ ወጣ ስትል ማሳው ውስጥ ግባ። ከላይ ያለውን ያልተዘረጋ ጥቅል ቅጠል ተወውና ከእሱ ቀጥሎ ካለው አንድ ብለህ ወደ ታች ቁጠር። ሦስተኛውንና አራተኛውን ገልበጥ አድርገህ ጀርባቸውን በብርሃን እይ። የጤፍ ፍሬ ያህል የምታጥር፣ የዝገት መልክ ያላት ቀጭን ሰረዝ ከቅጠሉ የጎን ጅማት ጋር ትይዩ ተኝታ ካየህ አገኘኸው ማለት ነው። ሰረዟ ቀድማ በጀርባው በኩል ጠቆር ብላ ከታየች ጥቁሩን ጠርጥር። ቀድማ በፊት ለፊቱ ፈዛዛ ቢጫ ሆና የምትታየው የቢጫው ናት። ከዚያ ሰረዟ ትረዝማለች፣ ትሰፋለች፣ ትጠቁራለች፤ መሐሏ ደርቆ አመድማ ይሆናል፣ ዙሪያዋን ክር የመሰለ ጥቁር ጠርዝና ቢጫ ቀለበት ይይዛታል። እነዚህ ተያይዘው አንድ ሲሆኑ ነው «ቅጠሉ ተቃጠለ» የምትሉት።

አሁን ዋናው ነገር። ዛሬ የምታየው ቃጠሎ የዛሬ አይደለም። ፈንገሱ ያረፈበት ቅጠሉ ገና ጥቅል ሳለ፣ ወይም በተዘረጋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። እርጥበት ካገኘ በጀርባው ባሉት ጥቃቅን መተንፈሻዎች ይገባል። ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከወር በላይ፣ ድምፁን አጥፍቶ ውስጥ ለውስጥ ይሠራል። ሙዙ ደግሞ በሞቃት ወቅት በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ስለዚህ ነጠብጣቡ ገሃድ ሲወጣ ያ ቅጠል ወደ ታች ወርዶ አራተኛ፣ አምስተኛ ሆኗል። አባትህ መርጫ ተሸክመው ሲደክሙ የዋሉት እሱ ላይ ነው። የሞተ ቅጠል ደግሞ በምንም መድኃኒት አይነሳም።

በዚያ ላይ እንዴት እንደሚረጭ አስበው። ሰውየው መሬት ላይ ቆሟል፣ የጀርባ መርጫው በእጅ ነው የሚሠራው፣ ሙዙ ከራሱ በላይ ነው። ውሃው የሚደርሰው ታችኛው ቅጠል ላይ ነው። በሽታው የሚጀምረው አናቱ ላይ ነው። አልተገናኙም! ካቨንዲሽ የሚባለው የሙዝ ዝርያ አጭሩ ዓይነት ካልሆነ በቀር የእጅ መርጫ አናቱን በደንብ ሲያገኝ አላየሁም። ለብር ማባከኛ ይሄን የመሰለ ነገር የለም።

እሺ፣ የፈንገሱ ዘር ከየት ይመጣል? ከዚያው ከራሳችሁ ማሳ። ደርቆ ግንዱን እንደ ቀሚስ ከቦ የተንጠለጠለው ቅጠል ዝናብ ወይም ጤዛ በነካው ቁጥር የፈንገሱን ዘር ይለቃል። ቀላሉን ዘር ነፋስ ያነሳዋል፣ ሌላው በዝናብ ፍንጣቂ ከላይኛው ቅጠል ወደ ታችኛው ይንጠባጠባል። ቅጠሉ ተንጠልጥሎ እስካለ ድረስ ለሳምንታት እንዲህ ያደርጋል። መሬት ላይ ሲወድቅ ግን ቶሎ ይበሰብሳል፣ የሚለቀውም ዘር በጣም ያንሳል። ቢላዋ ያልኩህ ለዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ የሚከብደው ሳያቋርጡ መቀጠሉ ነው። ዝናብ ባለበት ወቅት በየሳምንቱ፣ በደረቁ ጊዜ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ማሳውን ዙሩት። ከግማሽ በላይ የተቃጠለውን ቅጠል ከአንገቱ ቁረጡት። ጫፉ ወይም አንድ ጎኑ ብቻ የተቃጠለውን ግን ሙሉውን እንዳትጥሉት፤ የተቃጠለውን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ አረንጓዴውን ተዉለት። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። «ቁረጥ» ስትለው ይጨክንና ሙዙን እንደ ችካል አራቁቶት ይመጣል። ቅጠል ለሙዝ ምግብ ማብሰያው ነው። በሽታው ሊወስደው የነበረውን አንተ ቀድመህ ብትወስደው ምን ጠቀምከው?

ቆርጣችሁ የጣላችሁትን በተክሎቹ መሐል፣ መደዳው ላይ፣ ደርቡት። ሲደራረብ ከሥር ያለው ዘሩን መልቀቅ አይችልም፣ መሬቱንም ያለብሳል፣ አረምም ያፍናል። ከብት ካላችሁ ስጧቸው። ቦይ ውስጥ ግን አትጣሉት፣ ውሃ ይዘጋል። አንድ የማይወራ ነገር ደግሞ አለ፦ ዘለላ ሲጫን መኪናው ላይ እንዳይላላጥ የሚነጠፈው የሙዝ ቅጠል። የታመመ ቅጠል እየነጠፍን ከቀበሌ ወደ ቀበሌ፣ ከዞን ወደ ዞን በሽታውን በአይሱዙ የምናመላልሰው እኛው ነን። ጤነኛ ቅጠል ምረጡ፣ ወይም ገለባ ይሁን። ከሌላ ማሳ ቅጠል ነስንሶ የመጣ መኪናም እናንተ ማሳ ዳር ቅጠሉን እንዳያራግፍ።

ግማሽ ሄክታር በ2.5 ሜትር በ2.5 ሜትር ከተተከለ 800 ያህል እግር ሙዝ ነው። ለአንዱ እግር አንድ ደቂቃ ብትሰጠው ለሁለት ሰው አንድ ቀን አይሞላም። የሁለት ሰው የቀን ዋጋ ስንት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ ከመድኃኒቱ ጋር አስተያየው።

ቢላዋው ግን የራሱ ጣጣ አለው፣ እሱን ሳልነግርህ ባልፍ ጥፋቱ የእኔ ነው። የእንሰት አጠውልግ የምንለው የባክቴሪያ በሽታ እንሰትን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ሙዝንም ይገድላል። በሳይንስ መጀመሪያ የተገለጸውም እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ ኢትዮጵያ፣ እንሰት ላይ ነው። ከእናንተ በላይ ያለው የጋሞ ደጋ እንሰት ነው፣ ሩቅ አይደለም። ይሄ ባክቴሪያ በቢላዋ ይተላለፋል፣ መድኃኒት ደግሞ የለውም። እኔ ሥራ እንደጀመርኩ አንድ ማሳ ላይ ቅጠል አስቆርጬ፣ ቢላዋው በየመሐሉ መጽዳት እንዳለበት ሳልናገር ሄድኩ። ከወር በላይ ቆይቶ ባለማሳው ጠራኝ። የጠወለገው ሙዝ ተበታትኖ አልነበረም። ተሰልፎ ነበር። መጀመሪያ ከታመመው እግር ተነስቶ፣ ሠራተኛው የሄደበትን መደዳ ተከትሎ፣ መዞሪያው ጋ ደርሶ ወደሚቀጥለው መደዳ ታጥፏል። እስካሁን ያ መስመር ዓይኔ ላይ አለ።

ስለዚህ አንድ ባልዲ አዘጋጁ። አንድ እጅ በረኪና በአምስት እጅ ውሃ። ሁለት ቢላዋ ይኑር፦ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይነከር፣ ከእግር ወደ እግር ስታልፉ ተለዋወጡት። በረኪና ከሌለ እሳት ላይ በደንብ ማጋል ይበቃል። ተራው ደረቅ ቅጠል ላይ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። አንድ ያላየኸው የታመመ እግር መሐል ላይ ካለ ይገባሃል።

ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ችግሩ በእርግጥ የቅጠል ፈንገስ ብቻ መሆኑን እዩ። ሲጋቶካ ቅጠል ላይ ነጥብ ያወጣል እንጂ ሙዙን አያጠወልግም። ነጠብጣብ ሳይኖረው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ አንገቱን ከሰበረ፣ ፍሬው ሳይደርስ ገና በዘለላው ላይ እኩል ባልሆነ መልኩ ቢጫ ከሆነና ሲቆረጥ ውስጡ ቡናማ ከሆነ አጠውልግ ነው። ግንዱን ብትቆርጠው ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ግንዱ ውስጥ ቀይ ወይም ቡናማ ክር ካየህና ታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ከወደቀ ደግሞ ፓናማ የሚባለው የአፈር ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ከቅጠል ቆረጣ ውጪ የሆነ ነገር ናቸው፤ ካየህ ቢላዋውን አስቀምጥና ናሙና ይዘህ አርባ ምንጭ የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ሂድ። ታችኛው አሮጌ ቅጠል ብቻ ያለ ነጥብ ብርቱካንማ ሆኖ ከደረቀ ደግሞ በሽታም ላይሆን ይችላል፣ ፖታሽ የሚባለው የአፈር ምግብ ማነስ ነው። ሙዝ ፖታሽ በላተኛ ነው፣ ዘለላው በተጫነ ቁጥር ከመሬቱ ይዞ ይወጣል። ዩሪያ ብቻ ለሚሰጥ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ፍግና ብስባሽ መልሱለት።

ቀጥሎ አባትህ የማይወዱትን ልናገር። ከሙዙ ሥር የሚበቅሉትን ልጆች ቀንሱ። አብዛኛው ማሳ ላይ አንድ እግር ሥር ሰባት ስምንት ልጅ ተኮልኩሎ አያለሁ። ያ ጫካ ውስጥ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ብትገባ ጤዛው ገና አልደረቀም፤ ዳር ያለው ቅጠል ግን ከደረቀ ቆይቷል። ፈንገሱ የሚፈልገው ያንን ልዩነት ነው፣ ጥቂት ሰዓት ተጨማሪ እርጥበት። በአንድ እግር ላይ እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ በቃ። ሌላው ገና በአጭሩ ይነሳ። «እኔ ልጅ ሸጬ ነው የምኖረው» ወይም «አንድ ልጅ አንድ ዘለላ ነው» ይሉህ ይሆናል፣ ብዙ አባቶች እንደዚያ ነው የሚሉት፤ ነገሩም ሐሰት አይደለም፣ ግን አምስት ቀጫጭን ዘለላ ከሁለት ሙሉ ዘለላ ያነሰ ብር ያመጣል። አትከራከራቸው። ሁለት መደዳ ብቻ ለምናቸውና እዚያ ላይ አሳያቸው። ቀሪውን በሚቀጥለው ዓመት ራሳቸው ይቆርጡታል።

ውሃውም እንደዚሁ። ከወንዝ ጠልፋችሁ የምታጠጡት በቦይ ስለሆነ ቅጠል አያረጥብም፣ ያ ጥሩ ነው። ግን ማሳውን ሐይቅ አታድርጉት። ውሃ የተኛበት ሙዝ ሥሩ ይታፈናል፣ አዲስ ቅጠል ማውጣቱ ይዘገያል፤ በሽታው ከታች እየበላ ሙዙ ከላይ ካልተካ ቀመሩ ይበላሻል። አረሙም ከተክሉ ሥር ይነሳ፣ እርጥበት ይዞ የሚቀመጥ እሱ ነው።

ጊዜውን አስተካክሉ። እናንተ ጋ ትልቁ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ነው፣ ሁለተኛው ከመስከረም በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ትልቁ ጽዳት መጋቢት ላይና ጳጉሜን አካባቢ ያልቅ። ዝናቡ ሲገባ ማሳው ውስጥ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅጠል አይጠብቀው። ዘለላው ተቆርጦ የቀረ ግንድም ቅጠሉን ተሸክሞ አይቁም፤ እሱም ዘር ይለቃል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ጨርሶ አይረዳም አላልኩም። ኮስታሪካ ውስጥ ትልልቆቹ የሙዝ እርሻዎች በአውሮፕላን በዓመት ከ40 ጊዜ በላይ ይረጫሉ፣ ለሲጋቶካ ብቻ። እነሱ ለውጭ ገበያ ስለሚያመርቱ ይከፈላቸዋል። የእናንተ ግማሽ ሄክታር ግን ያንን አይሸከምም፣ ደግሞም አያስፈልገውም። ለሁለት ሦስት ወር በትክክል ቆርጣችሁ፣ ልጅ ቀንሳችሁ አሁንም በሽታው ወደ ላይ ከወጣ ያኔ ይረጭ። ከዝናቡ በፊት፣ አናቱ ላይ፣ ከተቻለ ማኅበራችሁ ወይም ጎረቤቶቻችሁ በጋራ በተከራያችሁት በሞተር በሚሠራ መርጫ።

ሁለት ዓይነት ገዛን ብለሃል፣ ስማቸውን ግን አልጻፍክም። ጣሳውን ወይም ከረጢቱን አምጣና በትንሽ ፊደል የተጻፈውን የንጥረ ነገሩን ስም አንብብ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ በሁለት የንግድ ስም የተሸጠ አንድ መድኃኒት ነው። ማንኮዜብ ከሆነ ከላይ የሚቀባ ነው፣ ፈንገሱ ከመግባቱ በፊት ይከላከላል እንጂ ከገባ በኋላ አያድንም፣ ዝናብም ያጥበዋል። ፕሮፒኮናዞል ከሆነ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፣ ገና የጀመረውንም ይገታል፤ ነገር ግን ደጋግመህ እሱን ብቻ ከረጨህ ፈንገሱ ይለምደዋል። በሌሎች አገሮች ለምዶታልም። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አይረጭ፣ ከማንኮዜብ ጋር ይፈራረቅ። ለድንችና ለቲማቲም የሚሸጠውን ሜታላክሲል ያለበትን ዱቄት ሰጥተዋችሁ ከሆነ ደግሞ ከውስጡ የሠራላችሁ ማንኮዜቡ ብቻ ነው። ሜታላክሲሉ ለሌላ ዓይነት በሽታ የተሠራ ነው፣ ሲጋቶካ ምንም አይለውም፣ ዋጋውን የሚያስወድደው ግን እሱ ነው። መጠኑን ከወረቀቱ ላይ ካለው አታሳልፉ፤ ወረቀቱ ላይ ሙዝ የሚል ከሌለ አትርጩት። ማንኮዜብን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፈቃዱን አላድስም ያለው ለሰው ጤና ሰግቶ ነው። ወደ ላይ ሲረጭ መልሶ ፊት ላይ ነው የሚወርደው፣ አባትህ በነጠላ አፋቸውን ሸፍነው እንዳይገቡ። ጓንት፣ መነጽር፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ረጅም እጅጌ።

«ዝርያ ብንቀይርስ?» ብለህ ሳትጠይቀኝ ልመልስ። ድዋርፍ ካቨንዲሽ፣ ጃይንት ካቨንዲሽ፣ ግራንድ ኔን፣ ዊሊያምስ፣ ፖዮ ሁሉም የካቨንዲሽ ቤተሰብ ናቸው፣ ሁሉም ይጠቃሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ለምርቱ ወይም ለቁመቱ ይሁን እንጂ ለሲጋቶካ ብለህ አትልፋ። አንድ ነገር ግን እውነት ነው፣ ማንጎ ጥላ ሥር ያለው ሙዝ ቅጠሉ ያነሰ ሲቃጠል ታያለህ። ጥላው ጤዛውን ስለሚቀንስለት ነው። ዘለላውም ግን አነስ ይላል፣ ስለዚህ ማሳውን ሁሉ ማንጎ አድርጉት እያልኩ አይደለም።

የነጋዴው ነገር። ሰውየው ሰበብ እየፈጠረ ላይሆን ይችላል። ቅጠል ያጣ ሙዝ ፍሬውን ያለጊዜው ያበስላል፤ ስትቆርጡት አረንጓዴ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ጉዞውን ጀምሯል። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በሙቀት፣ ተደራርቦ። አንዱ ሲበስል የሚለቀው ጋዝ አጠገቡ ያለውን ይቀሰቅሳል። አዲስ አበባ ሲደርስ ማብሰያ ቤት መግባት ያለበት ሙዝ ቢጫ ሆኖ ነጋዴውን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ቅጠላቸው ካለቀባቸው እግሮች የተቆረጠውን ዘለላ ከጤነኞቹ ጋር አትጫኑት። እዚያው ለአርባ ምንጭ ገበያ ይሂድ።

ሙዝ አበባ ካወጣ በኋላ አዲስ ቅጠል አያወጣም። ያለውን ይዞ ነው ዘለላውን የሚያሳድገው። እንግዲህ አበባው ብቅ ሲል ቢያንስ ስምንት ጤነኛ ቅጠል ይኑረው፣ ሲቆረጥም አራት አምስት ይቅርለት። ዛሬ ሂድና አበባ ያወጡ አሥር እግሮች ምረጥ፣ ግንዳቸው ላይ ክር እሰር፣ ጤነኛ ቅጠላቸውን ቁጠርና ደብተር ላይ ጻፍ። በየሳምንቱ ተመልሰህ ቁጠር። ቁጥሩ ቁልቁል ከሮጠ ቆረጣው ዘግይቷል ማለት ነው።

ያንን አሥር ቁጥርና የሦስተኛውን ቅጠል ጀርባ ፎቶ ላክልኝ፣ በብርሃን የተነሳ። የገዛችሁትንም መድኃኒት ጀርባ፣ ትንሹ ጽሑፍ እንዲነበብ አድርገህ።